ደብተሩ ከገንዘቡ ይቅደም

ለኢትዮጵያ ደን ልማት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

በውጭ ገንዘብ የሚሠራ የደን ፕሮጀክት ለደቡብ ኦሞ ሲታሰብ የመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ ጂንካ አዳራሽ ውስጥ፣ በአማርኛ ይካሄዳል። አበል ይከፈላል፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «ኅብረተሰቡ ተወያይቶበታል» ተብሎ ይሰፍራል። ሐመሩ ያን ጊዜ ከከብቱ ጋር ነው፤ የሙርሲዋ እናት ማሽላዋን ከወፍ ትጠብቃለች።

ይህ አካሄድ የት እንደሚያደርስ እዚሁ አይተናል። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት የኦሞ ብሔራዊ ፓርክን ለማስተዳደር በ1998 ዓ.ም. ተዋዋለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለፓርኩ ድንበር ማጽደቂያ ማንበብ ከማይችሉ ሰዎች አሻራ ተሰብስቦ ነበር፤ የምን ሰነድ እንደሆነ በቅጡ አልተነገረንም የሚለው አቤቱታ አውሮፓ ድረስ ተሰማ። ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. እንደሚለቅ አስታወቀ። ጥርጣሬው ግን አብሮት አልሄደም።

በዚሁ ክልል፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ፣ ወርልድ ቪዥን በዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ሲነሳ ገበሬውም መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ነበር። ልቡን ያሳረፈው በማኅበር ስም የተሰጠው የመጠቀሚያ መብት ደብተር ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የተቆረጠው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ጠበቁት፤ ከካርቦን ሽያጩ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠሩ።

እርግጥ ሁምቦን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። እዚህ አንዱ ጫካ የአንዱ የበጋ ግጦሽ፣ የሌላው ቀፎ መስቀያ ነው። በ2014 ዓ.ም. የታማ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሲቋቋም ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ክዌጉና አሪ በአንድነት መካተታቸው ለዚህ ነው፤ ለእኔ ከሁምቦ ይልቅ ትምህርቱ እሱ ጋ አለ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። እንግዲያው ደብተሩ የመጀመሪያው ብር ሳይለቀቅ ይሰጥ። የፕሮጀክቱ ረቂቅ ገና ሳይጠናቀቅ ሽማግሌዎችና ሴቶች በየቋንቋቸው፣ ከብቱ ወደ መንደር በሚመለስበት ወቅት ይምከሩበት፤ እንቢ ካሉም እንቢታቸው በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ደግሞም ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ የስንቱ ሥራ መንገድ ላይ እንደቀረ ያውቃሉና፣ ገንዘቡ ቢቋረጥ ደኑ በማን እጅ እንደሚቆይ ከወዲሁ በውሉ ይስፈር።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጂንካ