ስለ ረዥም የቢስክሌት ጉዞና ስለ ዮጋ ትምህርት

ጸሐፊ የሆነ ሰው በሳምንት አምስት ቀን በመዝገብ ላይ ጎብጦ ይውላል። በስድስተኛው ቀን ሰውነቱን ለማሳረፍና ንጹሕ አየር ለመቀበል ሲል በቢስክሌት ላይ ይወጣና ዳግመኛ ጎብጦ ይውላል። ለልቡና ለሳምባው ትልቅ ጥቅም ማግኘቱ የማይካድ ነው፤ ለጀርባው ግን ያው የመዝገብ ቤት ወንበር ጎማ አበቀለ እንጂ ሌላ ዕረፍት አልመጣለትም። ከወዳጆቻችን መካከል አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ቢስክሌት መንዳት የጀመሩ አሉና፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ዮጋ የሚባለው የሕንድ ትምህርት ለዚህ ይጠቅም እንደ ሆነ ጠይቀውናል። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘን ስምንት ወር ያህል ስለ ቈየን፤ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ረዥም ጉዞ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባናል። የምንናገረው ለሽልማት ስለሚሽቀዳደሙት ወጣቶች አይደለም። እዚህ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነውና፤ በ1897 ጥቂት ኢጣልያውያን ፀሐይ ከወጣችበት ጀምሮ እስከ ገባችበት ድረስ ከሮማ እስከ ናፖሊ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በቢስክሌት ሄዱ። ይህም ዐይነት ጉዞ አውዳክስ ተባለ፤ በላቲን ቋንቋ ደፋር ማለት ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ፤ በ1891፤ በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ ተነሥቶ ብረስት ደርሶ የሚመለስ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ተደርጎ፤ ሻርል ቴሮን የሚባለው ሰው ሦስት ቀን ሳይሞላው ፈጸመው። ይኸው ጉዞ ዛሬ በየአራት ዓመቱ ይደረጋል፤ ነገር ግን አሁን ፊተኛና ኋለኛ ተብሎ ሽልማት የሚሰጥበት አይደለም፤ በ90 ሰዓት ውስጥ ጨርሶ የተመለሰ ሁሉ እኩል ይከበራል። ወደዚያ ለመሄድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የ200፣ የ300፣ የ400ና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞ መፈጸም አለበት፤ ለ200ው 13 ሰዓት ተኩል፤ ለ600ው 40 ሰዓት ይፈቀድለታል።

እኛ ወደ ብረስት ለመሄድ አላሰብንም። ያሰብነው 200ውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ አዳማ ደርሶ መመለስ ማለት ነው። ለዚህ ስንዘጋጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያ እስከ ቢሾፍቱ፤ ቀጥሎም እስከ ሞጆ እያስረዘምን ሄድን። ሲሄዱ ቁልቁለቱ ያሞኛል፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱም ነፋሱም የጭነት መኪናውም ባንድነት ይቀበላል። (ስለ ጭነት መኪናዎቹ ሌላ ቀን እንጽፋለን፤ በአንድ ዓምድ የሚያልቅ ነገር አይደለምና።)

እንግዲህ ሰውነት በዚህ ሥራ ከወዴት እንደሚጎዳ እንመልከት። እግር ይደክማል፤ ግን እግር የሚደክመው በሥራው ነውና ሌሊት ተኝቶ ይነሣል። ክፉው ነገር ሳይንቀሳቀስ በአንድ ዐይነት የሚቈየው የሰውነት ክፍል ነው። ወገቡ ታጥፎ ይቀራል፤ የብሽሽት ጡንቻው አጥሮ ይቀራል፤ አንገቱ መንገዱን ለማየት ቀና ብሎ ይቀራል። በ1983 ከአሜሪካ ዳር እስከ ዳር በቢስክሌት በሚደረገው ሽቅድምድም ማይክል ሸርመር የሚባለው ሰው የአንገቱ ጡንቻ ከልክ በላይ ደክሞ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ተሳነው፤ ከዚያም ወዲህ ይህ ጉዳት በእርሱ ስም ይጠራል። ይህ እጅግ ሩቅ ለሚሄዱት ነው እንጂ ለእኛ ለቅዳሜ ሰዎች አይደርስም።

ለእኛ የደረሰው በእጅ ነው። ከክርን ወርዶ በእጅ አንጓ በኩል ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት የሚያልፍ ነርቭ አለ። በመዳፍ ሥር በጠባብ መተላለፊያ ስለሚያልፍ፤ ሰው ክብደቱን በቢስክሌቱ መሪ ላይ ጥሎ ብዙ ሰዓት ሲሄድ ይጨቈናል፤ ሁለቱም ጣቶች ይደነዝዛሉ። በአምስተኛው ወር ከሞጆ በተመለስንበት ሰሞን ሰኞ ጧት ብዕር ስንይዝ ትንሿ ጣታችን ወረቀቱን ስትነካ አልተሰማትም፤ ማክሰኞም እንደዚሁ ሆነች። አንባቢ ሆይ፤ የገበሬ እጅ ቢደነዝዝ ሌላ የሚያርስለት ወንድም ይኖረው ይሆናል፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን እንጀራው በጣቶቹ ጫፍ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመዝናኛ ነገር መሆኑ ቀረና የቤተ ሰብ ነገር ሆነ።

ሐኪሙ እጃችንን አገላብጦ አየና፤ ጣቶቹ ደነዘዙ እንጂ ኀይላቸውን አላጡም፤ ኀይል ማጣት ከጀመሩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ተመልሰው ይምጡ ብሎ አሰናበተን። ለጊዜው የቢስክሌቱን መሪ ከፍ እንድናደርግ፤ ወፈር ያለ ጓንት እንድናጠልቅና በየጥቂት ደቂቃው የእጃችንን አያያዝ እንድንለዋውጥ መከረን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ከማናቸውም ትምህርት በፊት መደረግ ያለበትም ይኸው ነው። የማይስማማ ቢስክሌት ላይ ተቀምጦ ወገቡን በዮጋ ለማዳን የሚደክም ሰው፤ ጠባብ ጫማ አድርጎ እግሩን በቅቤ እንደሚያሽ ሰው ነው።

ወደ ዮጋው ትምህርት የመራችን የቤታችን እመቤት ናት። እርሷ ለወገቧ ስትል ቀድማ ጀምራ ነበር። ዮጋ የሚለው ቃል በሕንዶች የጥንት ቋንቋ፤ በሳንስክሪት፤ መጥመድ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ ያለ። ይህን ስንሰማ ነገሩ ለአገራችን ሰው ከባድ እንዳልሆነ ታየን። በጥንት ዘመን ፓታንጃሊ የሚባለው ሊቅ ትምህርቱን በስምንት ክፍል ደንግጎታል፤ ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው የአካል አቋቋም ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ይህም አንዱ ክፍል አሁን በምናውቀው መልክ የተስፋፋው ይልቁንም በመይሶር ቤተ መንግሥት ነው። የመይሶር ንጉሥ ክሪሽናራጃ ወዴየር በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የሚባለውን መምህር በቤተ መንግሥታቸው አስቀምጠው ያስተምር ዘንድ አዘዙ። ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ፤ በልጅነቱ እጅግ በሽተኛ የነበረው አየንጋር፤ በ1966 ያወጣው መጽሐፍ በብዙ አገር ተነበበ። የተባበሩት መንግሥታትም ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ወር በ21ኛው ቀን፤ ይህም በፈረንጆች ሰኔ ነው፤ የዮጋ ቀን እንዲከበር ወሰነ።

የንስሐ አባታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ጠርተው ጠየቁን፤ «ልጄ፤ ሰው ሲጎነበስ ለማን እንደሚጎነበስ ማወቅ አለበት» አሉን። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ዮጋ ከሥሩ የሕንድ የሃይማኖትና የአሳብ ትምህርት መሆኑን መደበቅ ሐሰት ይሆናል። በክፍሉ ውስጥ ግን የምናደርገው አካልን ማጠፍና መዘርጋት፤ እስትንፋስንም መቍጠር ነው፤ መምህርቷ በመጀመሪያ የምታሰማው ድምፅ አለ፤ እኛ ዝም እንላለን፤ ዝም ማለታችንን ማንም አልነቀፈም። ይህን ስንነግራቸው አባታችን ጥቂት አሰቡና፤ «እንግዲያስ ዝም ማለትህን አትተው» ብለው ባረኩን። የቤታችን እመቤት በበኩሏ፤ «እኔስ ከጀመርኩት ወዲህ ነው የገባኝ፤ በሰሞነ ሕማማት የሚሰግዱትን ዓመቱን ሙሉ ቢሰግዱ ኖሮ ገንዘብዎ በኪስዎ ይቀር ነበር» ብላ አፈዘችብን። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው እንጂ የወገብ መድኃኒት ተብሎ የሚደረግ አይደለም ብለን መለስንላት፤ በልባችን ግን ነገሯ ውሸት እንዳልሆነ እናውቃለን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየነው ያሰብነውን አይደለም። ዮጋ ማለት ጅማትን ማለስለስ ብቻ ይመስለን ነበር። ከጉልበታችን በላይ ለመጎንበስ ስንታገል መምህርታችን መጥታ፤ «እዚህ ፊተኛ የሚባል የለም፤ ይተንፍሱ» ብላ በቀስታ መለሰችን። ከዚያም ሁለቱን መዳፍና ሁለቱን እግር መሬት አስረግጦ መቀመጫን ወደ ላይ የሚያነሡበት፤ ቁልቁል ያየ ውሻ የሚባል አቋቋም መጣ። ለጭን የኋላ ጅማት መልካም ነው፤ ለደነዘዘ እጅ ግን ክፉ ነው፤ አንጓው ታጥፎ ክብደት ስለሚጫነው የቢስክሌቱን ጉዳት እንደ ገና ይደግመዋል። መምህርታችን ይህን ስንነግራት በመዳፍ ፈንታ በክንድ እንድንደገፍ አደረገችን። ቢስክሌት ነጂ የሆነ ሁሉ ይህን ለመምህሩ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል፤ ጉልበትን አጥፎ በላዩ የሚያርፉበትን የርግብ አቋቋምም ጉልበቱ የሚያመው ሰው በጀርባው ተኝቶ ቢያደርገው ይቀልለዋል።

ዋናው ነገር የገባን በሁለተኛው ወር ነው። በልጅነታችን በማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስናድር፤ የአቋቋም መምህራችን በመቋሚያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆመውን ተማሪ ይገሥጹ ነበር፤ መቋሚያ ለማረፊያ ተሰጠ እንጂ ሰውን ለመሸከም አይደለምና። መቋሚያውን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሰውነቱን የጣለ ሰው ሲነጋ ክንዱ ደንዝዞ ይገኛል፤ በእግሩና በወገቡ የቆመው ግን ለወረብ ይነሣል። የቢስክሌት መሪም እንደዚሁ ነው። ሆዱና ጀርባው የሚደክሙበት ሰው በአራተኛው ሰዓት ክብደቱን ሁሉ በእጁ ላይ ይጥላል፤ ሆዱና ጀርባው የሚሸከሙት ሰው ግን እጁን በመሪው ላይ ያሳርፋል እንጂ አይደገፍበትም። በዮጋ ክፍል በቀስታ፤ እስትንፋስ እየተቈጠረ፤ ሳይንቀሳቀሱ ከሚቆዩባቸው አቋቋሞች ያገኘነው ትርፍ ይህ ነው። ጣቶቻችን አሁንም ከስድስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ጥቂት ይደነዝዛሉ፤ ቅዳሜ ማታ ግን ይመለሳሉ፤ ሰኞ ብዕር ይይዛሉ።

ከዚህ የበለጠ ተስፋ ለሚሰጥ ሰው ጆሮ መስጠት አያስፈልግም። በ2011 በአሜሪካ ወገባቸውን ለረዥም ጊዜ ያመማቸው 228 ሰዎች ተመርምረው፤ 12 ሳምንት ዮጋ የተማሩት የምክር መጽሐፍ ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ተሽሏቸው ተገኘ፤ ነገር ግን ተራውን የመንጠራራት ስፖርት ከሠሩት የተሻሉ አልሆኑም። በ2017 ደግሞ በቦስተን ከተማ በ320 ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ የማያንስ ሆኖ ታየ። እንግዲህ ለወገብ ይጠቅማል ማለት ይቻላል፤ ሌላ ነገር አይጠቅምም ማለት ግን አይቻልም። እግርን ለረዥም መንገድ የሚያዘጋጀው ደግሞ መንገዱ ራሱ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ወደ አዳማ የደረሰ የለም።

ስለ ጊዜውም ጥቂት እንበል። እኛ ዮጋውን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፤ ጉዞውን ቅዳሜ አድርገናል። ሊነዱ ሲሉ በአንድ አቋቋም ከደቂቃ በላይ ጡንቻን ስቦ መቈየት ለጊዜው ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጧት ከመነሣታችን በፊት መገጣጠሚያን ማፍታታት ብቻ ይበቃናል። በጋለ ክፍል ውስጥ የሚደረገውንም ዐይነት ላብ ካፈሰሱበት ጉዞ በኋላ መሞከር አይገባም። ከጉዞ መልስ የሚሻለው በወለል ላይ ተኝቶ እግርን በግድግዳ ላይ መስቀል ነው፤ ይህን ያገኘ ሰው የሬሳ አቋቋም የሚባለውንም ይወደዋል፤ ስሙ ግን በእናታችን ፊት እንዳይነሣ ተከልክሏል።

የቤተ ሰቡ ነገር አልቀረም። ቢስክሌት አባትን ቅዳሜ ከቤት ያወጣዋል፤ ይህ ለሚስትና ለልጆች ግፍ ነው ቢባል መልስ የለንም፤ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥተን ለምሳ እንድረስ ከማለት በቀር። ምንጣፉ ግን በቤት ይነጠፋል። ትንሿ ልጃችን ቁልቁል ያየውን ውሻ ከሁላችን አሳምራ ትሠራዋለች፤ ከሥራችንም ሾልካ ታልፋለች። የቤታችን እመቤት ደግሞ ወገቧ ከተሻላት ወዲህ እስከ ቢሾፍቱ ብቻ ቢሆን ከእኛ ጋራ ለመሄድ እንደምትፈልግ ነግራናለች። ለቁመቷ የሚሆን ቢስክሌት ፍለጋ ሦስት ሱቅ ገባን፤ ሁሉም ለረዥም ወንድ የተሠራ ነው። የአራተኛውን ሱቅ ባለቤት በሚመጣው ሳምንት እናያለን፤ ጓንቷን ግን ከወዲሁ ገዝታለች።