4ኬ ለመጫወት አዲስ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል?

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ባለው ማይክሮ ሴንተር የአርቲኤክስ 5070 ቲአይ ካርቶን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ቤት ያለው ካርዴ በ2020 የወጣ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ነው። የ1080ፒ ሞኒተሬን በ4ኬ ከቀየርኩ ወዲህ ጌም ስጫወት ምስሉ እየተንቀረፈፈ አስቸግሮኛል። ቢሆንም ካርቶኑን ቦታው መልሼ ወጣሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ። 1080ፒ ስክሪን ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ 1440ፒ ወደ 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ደግሞ ወደ 8.3 ሚሊዮን። ስለዚህ ካርዴ አርጅቶ ሳይሆን ሥራው በአንድ ቀን አራት እጥፍ ሆኖበት ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። 5070 ቲአይ በየካቲት 2025 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 749 ዶላር ነበር። የሚኒሶታ 6.875 በመቶ የሽያጭ ታክስ ብቻ ሲጨመር 800 ይደርሳል፤ የካውንቲው ታክስ ገና ነው። ካርዱ እስከ 300 ዋት ስለሚወስድ 750 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይመከራል። የእኔ 650 ነው፤ እሱንም መቀየር ሊኖርብኝ ነው። በዚህ ገንዘብ ልጄ ለትምህርት ቤት የጠየቀችኝን ላፕቶፕ መግዛት እችላለሁ።

ቤት ገብቼ ሁለት ነገር ፈተሽኩ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት።

አንደኛ፣ የጌሙን ሬዞሉሽን ወደ 1080ፒ አውርዱ። ፍሬሙ ካልጨመረ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋር ሊሆን ስለሚችል አዲስ ካርድ ብዙም አይጠቅማችሁም። የእኔ ጨመረ።

ሁለተኛ፣ ጌሙ ክፍት እያለ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ የጂፒዩውን ሜሞሪ ተመልከቱ። ሜሞሪው ሲሞላ ካርዱ የኮምፒውተሩን ራም መበደር ይጀምራል፤ ራሙ ደግሞ ከካርዱ ሜሞሪ በጣም ይዘገያል፤ ምስሉ የሚንቀረፈፈው ያኔ ነው። የእኔ 8 ጊጋባይት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

መፍትሔው ነጻ ሆኖ ተገኘ። ቴክስቸሩን ከአልትራ ወደ ሃይ አወረድኩ፤ ዲኤልኤስኤስን ኳሊቲ ላይ አደረግኩ። በዚህ ሴቲንግ ካርዱ ጌሙን በ1440ፒ ይስልና ወደ 4ኬ ያሳድገዋል። መንቀርፈፉ ቀረ። ከምቀመጥበት ሶፋ ላይ ሆኜ ደግሞ የምስሉን ልዩነት መለየት አልቻልኩም።

ሞኒተሩን በመግዛቴ ግን አልተጸጸትኩም። በ4ኬ ‹ደ› ከ‹ጀ›፣ ‹ተ› ከ‹ቸ› በትንሽ ፊደል እንኳ ጥርት ብለው ይለያሉ። አማርኛ ለማንበብና ለመጻፍ ደግሞ የድሮው ካርድ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ መቼ እንግዛ? ሴቲንጉን አውርዳችሁም ሜሞሪው የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም በካርዱ እንጀራ የምትበሉ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ከሆናችሁ ግዙ። ለ4ኬ ብላችሁ ከገዛችሁ ግን ከ16 ጊጋባይት በታች ላለው ገንዘብ አታውጡ ባይ ነኝ። በመጋቢት 2025 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 549 ዶላር የነበረው አርቲኤክስ 5070 12 ጊጋባይት አለው፤ በዚያው ወር በ599 ዶላር መነሻ ዋጋ የወጣው አርኤክስ 9070 ኤክስቲ ደግሞ 16 ጊጋባይት አለው። የ50 ዶላሩ ልዩነት ከሁለት ዓመት በኋላ ይታወቃችኋል።

እኔ ለጊዜው ላፕቶፑን ገዝቻለሁ።