ለፀጉር መሳሳት ፒአርፒ ልወጋ? ከመርፌው በፊት ምርመራው ይቅደም



ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ጭምር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል፦ «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ሄጄ ፒአርፒ ልወጋ?» መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፒአርፒ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። የመጀመሪያ ሕክምና ተደርጎ መሸጡን ግን እቃወማለሁ።

📌 ፒአርፒ ምንድን ነው?
ከክንዳችሁ ደም ይቀዳና በሚሽከረከር ማሽን ይለያል። ፕሌትሌት (ደምን የሚያረጉ ህዋሳት) የበዛበት ፈሳሽ ፀጉሩ በሳሳበት ቦታ ላይ በቀጭን መርፌ ይወጋል። ከፕሌትሌቶቹ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የፀጉሩን ሥር ያነቃቃሉ ተብሎ ይታሰባል። አብዛኛውን ጊዜ በወር ልዩነት 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም በየጥቂት ወራቱ ይደገማል።

📌 ይሠራል?
በዘር የሚመጣ መሳሳት ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ፀጉሩን ሲያበዛው ታይቷል። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ አዘገጃጀቱም ከክሊኒክ ክሊኒክ ይለያያል። ስለዚህ «100 ፐርሰንት ይበቅላል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። መርሳ ላይ ብርቱካን የምታለሙ ታውቁታላችሁ፦ ውሃ የሚጠቅመው ሥሩ ላልደረቀ ዛፍ ነው። ለዓመታት ተመልጦ የሚያብለጨልጭ ራስም በፒአርፒ ፀጉር አያበቅልም።

📌 መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ
የሚረግፍ ፀጉር ሁሉ በዘር የመጣ አይደለም።
✅ የልጃችሁ ራስ ቅርፊት እያወጣ ፀጉሩ ከተቆራረጠ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ይህ ፈንገስ ነው፤ ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።
✅ ከወሊድ በኋላ በ3ኛው ወር አካባቢ የሚጀምር መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ዓመት ውስጥ በራሱ ይመለሳል።
✅ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ከባድ ትኩሳት ያለው ሕመም ፀጉር ያረግፋሉ። እዚህ መታከም ያለበት ዋናው በሽታ ነው።
✅ ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ፀጉር ይነቅላል። ልጆቻችሁን ስትሠሩ አላሉት፤ ለዓመታት ከተጎተተ ሥሩ ይሞታል።

እነዚህ ሳይታዩ መርፌ መውጋት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን በሽታውን መደበቅም ነው።

📌 በዘር የመጣ ከሆነስ?
በወንድ ከግንባር ጥግና ከአናት፣ በሴት ደግሞ በፀጉሩ መክፈያ መስመር ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚሞከረው የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው። ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ወር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ። ሲቆም ግን ጥቅሙም ይቆማል። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች አይጠቀሙት። ለወንዶች በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ፊናስቴራይድም አለ። ፒአርፒ የሚታሰበው ከነዚህ በኋላ ወይም ከነዚህ ጋር ነው።

📌 ወጪውንና ንጽሕናውን አስቡ
ከወልዲያ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን 3 ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ከነአልጋው፣ ከነመርፌው ደምሩት። ለዚህ ብላችሁ በሬ የምትሸጡ ወይም የምትበደሩ ከሆነ ምክሬ «ይቅርባችሁ» ነው።

የደም ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በ2018 እ.ኤ.አ. በተዘጋ የውበት ቤት ፊታቸውን በዚሁ በፕሌትሌት ያሠሩ ደንበኞች ኤችአይቪ እንደያዛቸው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ስለዚህ ፀጉር ቤት ውስጥ በፍጹም አትወጉ። ክሊኒክም ብትሄዱ ጠይቁ፦ የሚወጋኝ ሐኪም ነው? መርፌውና የደም መያዣው ፊቴ ይከፈታል? ስሜ ይጻፍበታል? ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ፕሌትሌት ያነሳችሁ ወይም ራሳችሁ ላይ ቁስል ያለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ምርመራውን እዚሁ ወልዲያ ወይም መርሳ ሆስፒታል ጀምሩ። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ይቀርባል።

መመለጥ በሽታ ወይም ነውር አይደለም። መታከም የሚፈልግ ይታከም፤ ግን አውቆና ተመርምሮ ይሁን።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።