ክለቡ ሲሄድ የቀሩት ደጋፊዎች

ቪዲዮ ቤት ተጨናንቀን ስለምናየው የእንግሊዝ ኳስ ዛሬ ትንሽ እንጨዋወት።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ.ኤ. ዋንጫ የወሰደውን ዊምብልደንን ታስታውሳላችሁ? ባለቤቶቹ ክለቡን ከለንደን ነቅለው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሚልተን ኪንስ እንውሰደው አሉ። በ2002 ተፈቀደላቸው። ደጋፊው ቢጮህ ሰሚ አጣ።

ታዲያ አልቅሰው ቤታቸው አልገቡም። በዚያው ዓመት ኤ.ኤፍ.ሲ. ዊምብልደን የተባለ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ተጫዋች የመረጡት በሰፈሩ የሕዝብ ሜዳ ላይ ነበር። ከአማተር ሊግ ተነስተው በ2011 ከነባሮቹ ክለቦች ሊግ ደረሱ። በ2020 እዚያው ቀድሞ ሰፈራቸው አዲስ ስታዲየም ገቡ፤ ማስጨረሻው ሲያጥርም ያበደረው ደጋፊው ነው። ክለቡን የሚያስተዳድረው የደጋፊዎች ማኅበር ሲሆን እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው።

ከቦታ መነቀልን እኛ እናውቀዋለን። ለዞናችን ቡድን ማልያ መዋጮ በጀመርንበት በዚህ ሰሞን፣ 10 ሽልንግ የሰጠም 100 የሰጠም ድምፁ እኩል ይሁን እንላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ለሳምንት ሰው ይበለን!