ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር

ልጅ «ሙዚቃ ልማር» ባለ ጊዜ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል፤ «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብሎም ይቈጣል። እኛ ግን ከቍጣው አስቀድሞ ትምህርቱ ምን እንደሚጠይቅና ወዴት እንደሚያደርስ መመርመር ይገባል እንላለን።

በቤተ ክርስቲያናችን ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ፣ ምልክቱን አጥንቶ ድጓን ለመፈጸም ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ትጋትን ይሻል። በዚያ ክራርና ማሲንቆ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ይሰጣሉ። ተማሪው ድምፅን የሚለይ ጆሮ ሊኖረው፣ ኖታ ሊያነብ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ ሊያውቅ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ በየዕለቱ ሊለማመድ ይገባዋል። መልካም ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

ግቡም መድረክ ብቻ አይደለም፤ መምህርነት፣ ድርሰትና ምርምርም ነው እንጂ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በኢስትማን ተምረው፣ በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰት ከመጻፋቸውም በላይ የአገራችንን ሙዚቃ በጥናት ለዓለም አስረድተዋል።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ልጅዎን አይከልክሉ። ይልቁንም አንድ ዓመት ያህል መሣሪያውን በየቀኑ ሲለማመድ ይመልከቱት። ማንም ሳያዘው በትጋቱ ከጸና፣ ምርቃትዎን አይንፈጉት።