ሳተላይቱ ወይስ የውሃ ፓምፑ?

ጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አመፀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ መበላሸቱ ነበር። ወታደራዊ ሳተላይት ለምድር ጦር ያዋጣል ወይ ብለን ስንጠይቅ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ፈጅታለች። የምስሏ አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 14 ሜትር ያህል ትሸፍን ነበር፤ ይህ የቦረናን ግጦሽ ለማጥናት ይበጃል፤ በነገሌ መንገድ የቆመን የጭነት መኪና ግን ለይቶ አያሳይም። ለዚያ እጅግ ውድ የሆነ ካሜራ ያሻል። አንዲት ሳተላይት ደግሞ አንድን ስፍራ በአንድ ማለፍ የምታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ዘወትር ለመቃኘት ብዙ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ።

ምስል ሻጩ በጦርነት ጊዜ ሊከለክለን ይችላል የሚለው ሥጋት እውነት ነው። ቢሆንም ከተለያዩ ሻጮች መግዛት ብዙ ሳተላይቶችን ከማምጠቅ ይረክሳል ብለን እናምናለን። በተረፈው ገንዘብ ጉድጓድ ይቆፈርበት፤ በቆላ የተጠማ ጦር ጠላቱን ከሰማይ ቢያይም አይዋጋም።