ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ፦ በጋዝጊብላ የመማሪያ ክፍሎች ስለ መጠየቅ

በመማር ማስተማር ሂደት ጥያቄ የማይጠይቅ መምህር የለም። ስለዚህ ሊያከራክር የሚገባው መምህራን መጠየቅ አለመጠየቃቸው ሳይሆን፣ ጥያቄው ከተሰነዘረ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በምትገኘው በጋዝጊብላ ወረዳ ይህ ጉዳይ ከማስተማሪያ ዘዴ ምርጫ የዘለለ ክብደት አለው። ዋግ በቤቱ ኽምጣና እየተናገረ ያደገ ልጅና አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ የሚገናኙበት አገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት፣ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት የተነሣ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች ማን የት ላይ እንደቀረ መምህሩ ያለ ወጪ ሊያውቅ የሚችለው በመጠየቅ ነው፤ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ወረቀት፣ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ በአገራችን የመማሪያ ክፍሎች በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ይህን አገልግሎት አይሰጥም። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ወይም የቃሉን ጫፍ ቆርጦ «ውኃ ሲሞቅ ይተ…?» ይላል፤ ተማሪው ሁሉ «…ናል!» ብሎ ይጨርስለታል። ይህ ልማድ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የደከመ ክፍልን ያነቃቃል፣ የቃል ትውስታንም ያጠናክራል። እንደ ምዘና ሲቆጠር ግን አደገኛ ነው። በኅብረት በሚሰጥ መልስ ውስጥ የማያውቀው ልጅ ከሚያውቀው አይለይም፤ እንዲያውም የማያውቅ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚማረው ትምህርት ከሌሎች ግማሽ ፊደል ዘግይቶ መጮኽን ነው።

የመምህሩ ጥያቄ ከእንቆቅልሽ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድም አለ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፤ ተጠያቂው ካልመለሰ «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ሰጥቶ ይሸነፋል። በጨዋታ ይህ ያስቃል። በክፍል ውስጥ ግን ደጋግሞ የተሸነፈ ልጅ የሚሰጠው አገር የለውም፤ የሚሰጠው ዝምታውን ነው። መምህሩም ዝምታውን «አያውቅም» ብሎ ይተረጉመዋል።

ይህ ትርጓሜ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው ዕውቅ ጥናት ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመችው ነው። በአሜሪካ የሳይንስ ክፍሎች በተቀዱ ድምፆች ላይ ተመሥርታ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አረጋገጠች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ አልባ ዝምታ ቀነሰ፣ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎችም በረከቱ። ተማሪው መልስ ከሰጠ በኋላ መምህሩ ወዲያው አለመናገሩም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው አመለከተች።

ያ ውጤት ጥያቄና መልሱ በአንድ ቋንቋ በሚካሄዱበት ክፍል የተገኘ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኽምጣና የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የሴም። በኽምጣና የሚያስብ ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ ጥያቄውን መረዳት፣ መልሱን ማሰብ፣ ለመልሱም የአማርኛ ቃል መፈለግ አለበት። ሦስት ሰከንድ ለእርሱ ላይበቃ ይችላል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማርን መብት ያወጀ ሲሆን፣ ኽምጣናም በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ለመሆን በቅቷል። ነገር ግን ልጁ ከዚያ ወደ አማርኛ፣ ቆይቶም ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ችግሩ በእያንዳንዱ መሻገሪያ እንደ አዲስ ይነሣል። ኽምጣና የማይችል መምህር እንኳ «መጀመሪያ ከጎናችሁ ካለው ጓደኛችሁ ጋር በፈለጋችሁት ቋንቋ ተነጋገሩ፤ ከዚያ አንዳችሁን እጠይቃለሁ» ማለት ይችላል። ለዚህ ቋንቋውን ማወቅ አይጠበቅበትም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የጊዜ እጥረት ነው፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ መጽሐፉ ወፍራም፣ ተማሪው ብዙ። ተቃውሞው ቀላል ባይሆንም ሒሳቡ አይደግፈውም። በአንድ ክፍለ ጊዜ 20 ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር ከእያንዳንዱ በኋላ ሦስት ሰከንድ ቢጠብቅ የሚያወጣው በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ነው። አለመጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አይታዋለች። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በተስፋፋው፣ «ፕላዝማ» እየተባለ በሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በመስኮቱ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ የተመደበለት ሰከንድ ያልፋል፣ ክፍሉ ቢመልስም ባይመልስም መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ቴሌቪዥኑ ተማሪውን ማየት ስለማይችል ይቅር ይባል ይሆናል። ተማሪውን ፊት ለፊት የሚያይ መምህር እንደ ቴሌቪዥኑ ሲጠይቅ ግን ምክንያት አይኖረውም።

ከጥበቃው ባልተናነሰ የሚያሳስበው ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ነው። አንዲት ተማሪ የግማሽና የአንድ ሦስተኛ ድምር «ሁለት አምስተኛ ነው» አለች እንበል። የተለመደው ምላሽ «አይደለም፤ ሌላ ሰው!» ነው፤ ሌላው «አምስት ስድስተኛ» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ልጅቷ ትቀመጣለች። መምህሩ በዚህ ፈንታ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ቢላት፣ ማነሱን ራሷ ታያለች፤ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ሊያንስ ቻለ የሚለው ግራ መጋባትም የራሷ ይሆናል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ጋር መደመሯ የሚገለጠው ያኔ ነው። ጓደኞቿም ምናልባት እንደ እርሷ ደምረው ዝም ብለው ነበር።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የብሉምን የ1956 (እ.ኤ.አ.) ስድስት እርከኖች በሚገባ ያስተምራሉ። ሆኖም ብዙ ጊዜ በዕጩ መምህሩ አእምሮ የሚቀረው የግሦች ዝርዝር ነው፦ «ተንትን»፣ «ገምግም»፣ «አነጻጽር»። «የአፈር መሸርሸርን ተንትኑ» የሚል ትእዛዝ መልሱ ከደብተር የሚነበብ ከሆነ ያው ሸምድዶ መድገም ነው። በአንጻሩ «ከትምህርት ቤታችን በላይ እርከን ያለው ማሳና እርከን የሌለው ማሳ ከዝናብ በኋላ ምን ልዩነት ነበራቸው?» የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ከማስታወስ ነው፤ ነገር ግን በዋግ ተራሮች እየኖረ ጎርፍ አፈር ሲጠርግ ያየ ልጅ ሁሉ የሚናገረው ይኖረዋል፤ «ለምን?» የሚለው ቀጥሎ ሲመጣም የሚያስብበት ነገር በእጁ ይዟል።

የሱፐርቪዥን ቅጾች «መምህሩ ጥያቄ ጠይቋል» የሚለውን ምልክት በማድረግ ብቻ የሚያልፉት ከሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ሁሉ ከእይታ ውጭ ይቀራል። ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ግን ጉዳዩ ቅርብ ነው። በአስከተማና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ በፈቃድ፣ በስልክ በተቀዳ ድምፅ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ያለፈውን ሰከንድ መለካት፣ መልሱ የኅብረት ይሁን የአንድ ልጅ መለየት፣ በኽምጣና የሚሰጡትን ክፍለ ጊዜያት በአማርኛ ከሚሰጡት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሮው ቴፕ መቅጃ ነበራት፤ ዛሬ መቅጃውም ሰዓት ቆጣሪውም በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ አሉ።